መንገዱ በየት በኩል ይሰፋል?

በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ፤ ከመጀመሪያው እወቁኝ። ቅቤ ስገዛ መሃሉን በእንጨት ወግቼ ካላየሁ እጄን ወደ ኪሴ አልሰድም። ማር ስገዛ ሻጩ ራሱ ቀድሞ እንዲቀምስ አደርጋለሁ፤ ከቀመሰ በኋላ ደግሞ ፊቱን ትንሽ አጠናለሁ። መንገድ ላይ ሰው «እንዴት አደርክ?» ካለኝ፣ አዳሬን ማወቅ ለምን እንዳስፈለገው ሳወጣ ሳወርድ ሰላምተኛው አልፎኝ ይሄዳል። ባለቤቴ ወይንሸት «አንተን መንግሥተ ሰማያት ቢያስገቡህ፣ መጀመሪያ ጣሪያው ያፈሳል ወይ ብለህ ትጠይቃለህ» ትለኛለች። ቦንጋ ለሚኖር ሰው ይሄ ጥያቄ ምኑ ላይ እንደሚያስቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አበው። እኔ ግን ጠርጥሬ ነው የተመነጠርኩት። አበው ይቺን አውቀው ሳይደብቁን አልቀሩም ብዬ አሁን አሁን እነሱንም መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ትልልቁን ምርጫ ለትልልቅ ሰዎች ልተወውና የሰፈራችንን ምርጫ ላጫውታችሁ። ሰው የመረጠው ነገር ሲደርስበት ለምን «ኧረ ምንድን ነው ነገሩ?» ብሎ እንደሚጮህ የሚያጠና ካለ፣ ብዙ መድከም የለበትም። ወደ እኛ ሰፈር ይምጣ፤ ሻይ እጋብዘዋለሁ።

ወደ ቦንጋ የመጣሁት በሥራ ተመድቤ ነው። አገሬ ሰሜን ሸዋ ነው። ለጥቂት ጊዜ ሠርቼ ዝውውር እጠይቃለሁ እያልኩ ከወይንሸት ጋር ተዋወቅን፤ እዚሁ አካባቢ ያለችው የዋጫ ከተማ ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ ዝውውሩን ረሳሁት። ከአስፋልቱ ወደ ላይ በምትወጣ ቀጭን መንገድ ዳር ትንሽ ግቢ ገዝተን ገባን።

መንገዷን ልግለጽላችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው። በአንድ ጎኗ ገደል አለ። ያን ያህል ትልቅ ገደል አይደለም፤ ወድቆ ለሚሰበር ሰው ግን ይበቃል። በሌላው ጎኗ የእኛ አጥሮች ከታች እስከ ላይ ተደርድረዋል። በመሃል ሁለት ሰዎች ሲተላለፉ ወይ ተቃቅፈው ነው ወይ ተገፋፍተው። ዝናብ ደግሞ በእኛ ሰፈር እንግዳ አይደለም፤ ቤተኛ ነው፣ ሳይጠራ ይገባል፣ ሳይሸኝ ይቀመጣል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ቦቲ ተጫምተን፣ የቢሮ ጫማችንን በፌስታል አንጠልጥለን እንወርዳለን። ማታ ደግሞ ባጃጁ አስፋልቱ ላይ ያቆምና «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ አልወጣም፤ ብወጣም አልወርድም» ይለናል።

አንድ ቀን ከክልል ለመጡ ኃላፊዎች ሪፖርት ላቀርብ ሱፌን ለብሼ ወጣሁ። ከበሬ ተነስቼ እየተንሸራተትኩ አስፋልቱ ላይ በመቀመጫዬ ደረስኩ። ተመልሼ ልብስ የምቀይርበት ጊዜ አልነበረኝም። ፊት ለፊቴን አራግፌ ገባሁና ሪፖርቱን ጀርባዬን ለማንም ሳላሳይ አቀረብኩ፤ ስጨርስም ወደ ኋላዬ እየሄድኩ፣ እየሰገድኩ ወጣሁ። አንደኛው ኃላፊ «እንዲህ ያለ አክብሮት የሚያውቅ ሠራተኛ ድሮ ቀረ ብዬ ነበር» አሉ አሉ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈጣሪዬን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ባጃጅ እደጃፌ እንዲገባልኝ።

ደጃፌን ካነሳሁ እንሰቱን ማስተዋወቅ አለብኝ። ግቢውን የገዛን ጊዜ የወይንሸት እናት እማማ አየለች ከዋጫ የእንሰት ችግኝ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭነው መጡ። እኔ ዶማ አንስቼ ላግዝ ስል «አንተ ወረቀትህን ቆፍር» አሉኝና ራሳቸው አጥሩን ተከትለው ተከሉት። እንሰቱ አድጎ ቅጠሉ ከቆርቆሯችን በላይ ወጣ። ለግቢያችን ጥላ ሆነ፤ ለወይንሸት ቅጠሉ ቆጮ መጠቅለያና መጋገሪያ፣ ለጎረቤት ደግሞ መለመኛ ሆነ። እማማ ሲደውሉ መጀመሪያ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ቀጥለው እንሰቱን፣ ከዚያ ትዝ ካላቸው እኔን ይጠይቃሉ።

እንግዲህ የሰፈራችን የልማት ኮሚቴ ሊቀመንበር ሊመረጥ ሆነ። ኮሚቴው የውሃ መስመር ሲሰበር የሚያስጠግን፣ ቦይ የሚያስጠርግ ነገር ነው። ሊቀመንበርነቱን ለብዙ ጊዜ የያዙት ጋሽ ሻዎ የሚባሉ ማር ነጋዴ ነበሩ። እኚህን ሰው እጠረጥራቸው ነበር። ምክንያቱም ጫማቸው ንጹሕ ነው። እኛ ሁላችን እስከ ጉልበታችን ጭቃ ተለቅልቀን ስንሰበሰብ እሳቸው ጫማቸው እያብረቀረቀ ይመጣሉ። ሌላ መንገድ አላቸው ማለት ነው፤ ካላቸው ደግሞ ለምን ደበቁን? በኋላ እንደሰማሁት የስብሰባው በር ላይ ሲደርሱ በውሃ የሚያጥቡት ኖሯል። ይሄንንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩም።

ተፎካካሪያቸው አቶ ምትኩ ነበር፤ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥ፣ ድምፁ ግን ማይክራፎን አያስፈልገውም። በቅስቀሳው ዕለት ተነስቶ «ወገኖቼ፣ የጎደለን አክሰስ ነው!» አለ። አክሰስ ምን እንደሆነ ያልገባቸውም ሰዎች እንደጎደላቸው ወዲያው ተሰማቸው። «እኔን ብትመርጡኝ ይቺን መንገድ አሰፋታለሁ። ባጃጅ እያንዳንዳችሁ ደጃፍ ድረስ ይገባል። ቃሌ ነው!»

ጭብጨባው ሲበርድ ጋሽ ሻዎ ቀስ ብለው ተነሱ። «መንገድ ቢሰፋ ጥሩ ነው፤ እኔም ጠልቼ አይደለም። ግን መጀመሪያ አብረን ወጥተን በየት በኩል እንደሚሰፋ እንይ።»

አጠገቤ የተቀመጡትን ጎረቤታችንን እትዬ አበበችን በክርኔ ነካ አደረግኳቸው። «አዩ እትዬ? አጥራቸው እንዳይነካ ፈርተው ነው።»

«ድሮስ!» አሉ እትዬ አበበች። «ማር የሚሸጥ ሰው መንገድ ሲሰፋ ምን ይጠቀማል?»

ይሄ ንግግር ምን ማለት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ያኔ ግን ትልቅ ማስረጃ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩ።

ማታ እቤት ወይንሸት ልጆቹን እያበላች ጠየቀችኝ።

«በየት በኩል ነው የሚሰፋው?»

«ምኑ?»

«መንገዱ ነዋ። በዚያ በኩል ገደል ነው።»

«ባለሙያ ይመጣል፣ ይለካዋል።»

«ባለሙያው ገደሉን በምን ይሞላዋል?»

ጠረጠርኳት። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ራቴ ላይ የጋሽ ሻዎን ቃል ከየት አመጣችው? ባለፈው በዓል ጋሽ ሻዎ አንድ ማሰሮ ማር ልከውልን ነበር፤ ትዝ አለኝ። ተነስቼ ማሰሮውን አየሁት። ከዚያ ማታ ጀምሮ ማሩን በጥርጣሬ መብላት ጀመርኩ። አልተውኩትም፣ በጥርጣሬ በላሁት።

እዚህ ላይ ስለ ጥርጣሬ አንድ ነገር ልበላችሁ፤ ውድ ዋጋ ከፍዬ የተማርኩት ነው። ጥርጣሬ የማትፈልገውን ነገር የሚነግርህ ሰው ሲመጣ ጆሮውን አቁሞ የሚጮህ ውሻ ነው። የምትፈልገውን የሚነግርህ ሰው ሲመጣ ግን ጅራቱን ይቆላል። እኔ ስለ ጋሽ ሻዎ ጫማ፣ ስለ ጋሽ ሻዎ ማር፣ ስለ ጋሽ ሻዎ ጥያቄ ስጠራጠር፣ ስለ አቶ ምትኩ የጠረጠርኩት አንድም ነገር አልነበረም። ባጃጅ ይገባል ብሏላ!

የምርጫው ቀን እሑድ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰብን። በእኛ ሰፈር ወረቀትና ሳጥን የለም። ዕጩዎቹ ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ይቆማሉ፣ መራጩ ከሚፈልገው ሰው ኋላ ይሰለፋል። ፊታቸውን የሚያዞሩት ማን እንደተዋቸው አይተው ቂም እንዳይዙ ነው። ጋሽ ሻዎ መሃል ሜዳ ላይ ቆሙ። አቶ ምትኩ የመማሪያ ክፍሉ ቆርቆሮ ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ ቆመ። አስመራጩ «ተሰለፉ!» ከማለቱ እኔ ሮጬ ከአቶ ምትኩ ኋላ የመጀመሪያው ሰው ሆንኩ። ትከሻውን ቸብ አደረግኩት። ዞሮ ማየት ክልክል ስለሆነ ማን እንደሆንኩ አላወቀም፤ በዚህ ትንሽ ቅር አለኝ።

ሌላው ሕዝብ ገና እያመነታ፣ እያወራ፣ ማን ወዴት እንደሚሄድ በዓይኑ እየተሰላለ ሳለ ዝናቡ መጣ። የእኛን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ማስጠንቀቂያ የለውም። ሰፈርተኛው ነጠላውን ራሱ ላይ ጥሎ ወደ ቆርቆሮው ሥር ተመመ፤ ከኋላዬ እስከ በሩ ድረስ ተጠቅጥቆ ቆመ። አስመራጩም ጃንጥላውን ዘርግቶ ቆጠረ። መሃል ሜዳ ላይ ጋሽ ሻዎ ጀርባቸውን እንደሰጡን፣ ውሃው ከባርኔጣቸው እየወረደ፣ ከኋላቸው ማን እንዳለ ሳያውቁ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከኋላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጃንጥላ የያዘች ሴት ናት፤ ጃንጥላውን ወደ ፊት ዘርግታ ለእሳቸው ይዛላቸዋለች። ትኩር ብዬ ሳይ ወይንሸት ናት።

«አሁን ዙሩ» ሲባሉ ጋሽ ሻዎ ዞረው አዩአት። «አይ ልጄ፣ ትበሰብሻለሽ እኮ» ብቻ ነው ያሉት። አቶ ምትኩን ትከሻችን ላይ ተሸክመን ልንወጣ ነበር፤ ዝናቡ እስኪያባራ ስንጠብቅ ሞቅታው በረደ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ ሜትር የያዙ ሰዎች መጡ። ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል እየመቱ ከታች ወደ ላይ ወጡ። ከሥራ ስመለስ አንዱ ችካል አጥሬን አልፎ፣ እንሰቱን አልፎ፣ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ተተክሎ አገኘሁት።

«ወንድሜ፣ ተሳስታችኋል» አልኩት ሜትር የያዘውን ሰው።

«መንገዱ ይሰፋል ተብሎ የለም እንዴ?»

«ይሰፋል። ግን በእኔ በኩል ነው እንዴ?»

ሰውየው ወደ ገደሉ አየ። ከዚያ ወደ እኔ አየ። ከዚያ እንደገና ወደ ገደሉ አየና ሜትሩን ጠቅልሎ ወደ ላይ ወጣ። ትሕትና የጎደለው ሰው ነው ብዬ ተናደድኩ።

ወዲያው ጥርጣሬዬ ከእንቅልፉ ተነሳ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ችካሉን ያንቀሳቀሰው ሰው አለ! ወደ እኔ የገፋው ጎረቤት መሆን አለበት፣ የራሱን ለማትረፍ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የዝናብ ልብሴን ለብሼ ወጣሁና እንሰቱ ሥር ቁጢጥ አልኩ፤ ችካል ገፊውን እጅ ከፍንጅ ለመያዝ። ብዙም ሳልቆይ ከእትዬ አበበች አጥር በኩል ቅጠል ተንኮሻኮሸ።

«ማነው?» አልኩ።

«አንተስ ማነህ?» አለኝ የእትዬ አበበች ድምፅ።

«እትዬ፣ በዚህ ጠዋት እዚያ ምን ያደርጋሉ?»

«ችካሌን እጠብቃለሁ። ደግሞ ጠርጥሬ ነበር፤ አንተ ነህ አይደል የምትገፋው?»

«እኔ የእኔን ነው የምጠብቀው!»

ከእሳቸው ማዶ ሌላ ሰው ሲስል ተሰማ። ከእሱም ማዶ ሌላ። ጠጋ ብዬ ወደ ላይ ሳይ በየአጥሩ ሥር አንድ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሏል፤ ሰፈሩ በሙሉ እርስ በርሱ ችካል እየጠበቀ ነው። ያን ጠዋት ከእኛ መንገድ ውሻ እንኳን ሳይጠረጠር አላለፈም። ችካሎቹ ግን ማንም ሳይነካቸው፣ የመጀመሪያው ቀን በተተከሉበት ቆመው ነበር።

እንግዲያው ጥፋተኛው አቶ ምትኩ ነው አልኩ። አጥር ሲፈርስ ቆርቆሮ የሚገዛው ከማን ነው? ከቆርቆሮ ሻጭ! ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ቅዳሜ ሱቁ ድረስ ሄጄ ሰው በተሰበሰበበት ድምፄን ከፍ አድርጌ «አቶ ምትኩ፣ ይሄ ነገር ከጀርባው ምን አለው?» አልኩት።

«ና ከጀርባው ላሳይህ» አለኝና እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ከመንገዳችን ላይኛው ጫፍ ጋር የሚገናኘው የእሱ አጥር ከእኛ ሁሉ ቀድሞ ፈርሷል። የዕቃ ማስቀመጫው ግማሽ ተቆርጧል፤ ሚስማሩና ቆርቆሮው ሸራ ለብሶ ዝናብ ላይ ተከምሯል። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ እሱን የምታይበት ዓይን ወይንሸት እኔን ከምታይበት ዓይን ጋር አንድ ነው።

«መንገድ አሰፋለሁ ብዬ ቃል ገብቼ አልነበር?» አለኝ አቶ ምትኩ። «ባጃጅ ይገባል አልኩ፤ ይገባል። የቱን ቃሌን አጠፍኩ?»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። እኔ የተዘጋጀሁት ለውሸት ነበር። ቃሉን ቢያጥፍ ምን ብዬ እንደምሰድበው፣ ለማን እንደምከሰው አስቤ ጨርሻለሁ። ቃሉን ይጠብቃል ብዬ ግን በፍጹም አልጠረጠርኩም። የተመረጠ ሰው አደርጋለሁ ያለውን ካደረገ፣ እኛ መራጮች የት እንግባ?

ሰፈርተኛው አቤቱታ አለኝ ብሎ ስብሰባ ጠራ። በዚያው በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በዚያው ቆርቆሮ ሥር። አቶ ምትኩ ተነስቶ «የመረጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ መንገዱን አቁም ካላችሁኝ የመረጠኝ ሰው ተነስቶ ይንገረኝ» አለ።

መጀመሪያ የተነሱት እትዬ አበበች ናቸው። «እኔ ማንንም አልመረጥኩም። ዝናብ ነው የተጠለልኩት።»

«እኔም ዝናብ ነው» አለ የላይኛው ጎረቤታችን፤ መምህር ነው። «ነጠላ ጫማ ነበር ያደረግኩት።»

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር» አለ ሌላው።

«እኔ ዝናቡ ካባራ በኋላ ልሰለፍ ነበር፣ ቆጠሩብኝ።»

አንድ በአንድ ተነስተው ሁሉም ዝናብ ተጠላይ ሆኑ። በዚያ ቀን ከሰማይ የወረደው ውሃ አቶ ምትኩን መረጠ እንጂ ሰው አልመረጠውም። እኔም ተነሳሁ። ጉሮሮዬን ጠረግኩና «እኔም እንደ ሌላው…» ስል እትዬ አበበች ዞር አሉ።

«አንተ ከዝናቡ በፊት ነው የቆምከው።»

«እትዬ…»

«አየሁህ እኮ! ሮጠህ ነው የሄድከው። ትከሻውንም መትተኸዋል።»

«ያ አንተ ነህ እንዴ?» አለ አቶ ምትኩ፤ ደስ ብሎት ተጠግቶ ጨበጠኝ። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ሲበተን፣ ሰፈሩ ሙሉ የሚፈርስ አጥሩን ሂሳብ ይዞ ወደ እኔ ያይ ነበር። ለካ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል መራጭ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ወይንሸት ጥግ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ቀድማኝ ወጣች።

እንሰቱ የተነሳበት ቀን ሐሙስ ነበር። የሰፈር ሴቶች ቢላና መፋቂያ ይዘው ወይንሸትን ሊያግዙ መጡ፤ ጋሽ ሻዎ ሳይቀሩ ገጀራቸውን ይዘው መጡና ዝም ብለው መቁረጥ ጀመሩ። እንሰት ሲወድቅ እንደ ዛፍ አይጮህም። ውሃ ያዘለ ነገር ነው፤ ዝም ብሎ ይተኛል። ወይንሸት አንዱ ሲወድቅ ቅጠሉን አነሳችና ጥቂት ይዛው ቆየች፤ ከዚያ አስቀምጣው ወደሚቀጥለው ሄደች። እኔ በር ላይ ቆሜ ላግዝ ልል ነበር፤ «አንተ ወረቀትህን ቆፍር» የምትለኝ መስሎኝ ፈራሁ። አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ስስቅ የኖርኩ ሰውዬ፣ ያን ቀን ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

መንገዱ ሰፋ። መጀመሪያ የሰፋው ጭቃው ነበር፤ ድሮ ጠባብ ጭቃ ነበረን፣ አሁን ሰፊ ጭቃ አገኘን። በኋላ አቶ ምትኩ አሁንም በቃሉ ገረጋንቲ አስደፋበት፣ ተጠቀጠቀ፣ ባጃጆቹም መውጣት ጀመሩ። ቃል በቃል እደጃፌ ይገባሉ፤ ከደጃፌም ትንሽ አለፍ ይላሉ። ከእኔ ቤት በላይ ዳገቱ ስለሚከብዳቸው መዞሪያቸውን መስኮቴ ሥር አደረጉት። ጠዋት በጥሩምባቸው ነው የምነሳው። ሱፌን ለብሼ ከአልጋ ወደ ባጃጅ እገባለሁ ማለት ይቻላል፤ አንዴም ጭቃ አልነካኝም። አልዋሻችሁም፣ ይመቻል። ግቢያችን ግን ገላጣ ሆነ፤ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ መንገደኛ ሁሉ ምን እንደምንበላ ያያል።

በዚህ መሃል ከዋጫ ስልክ ተደወለ። እማማ አየለች ሊመጡ ነው። ወይንሸት እያወራች ሰማኋት፤ ስለ ልጆቹ ነገረቻቸው። ስለ እንሰቱ ሲጠይቁ «ስትመጪ ታዪዋለሽ» አለች። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ አልነግራትም» አለችኝ። «አንተ ነህ የምትነግራት።»

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን።»

ከዚያ በኋላ ሥራዬ የሆነውን ማዘጋጀት ሆነ። «እማማ፣ የልማት ጉዳይ ነው፤ ኮሚቴው ወስኖ» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት፤ ኮሚቴውን ማን መረጠው ቢሉኝስ? «እማማ፣ ዝናብ ነበር» ብዬም ሞከርኩ። እሳቸው የዋጫ ሰው ናቸው፤ ዝናብን ከእኔ በላይ ያውቁታል። «ገደል ስለሆነ በዚያ በኩል ማስፋት አልተቻለም» አልኩ፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ገደሉ ትናንት አልተቆፈረም። በመጨረሻ የቀረኝ «እማማ፣ እኔ ነኝ የመረጥኩት፤ ባጃጅ እንዲገባልኝ ፈልጌ ነው» የሚል አጭር ነገር ብቻ ሆነ። እሱን ብቻዬን ስለማመድ እንኳን ድምፄ ይቀጥናል። ያንን እንሰት በጀርባቸው ተሸክመው ነው ከመናኸሪያ እዚህ ያደረሱት። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

የመጡበት ቀን ዝናብ ይጥላል። ወይንሸት ዶሮ ልትገዛ ገበያ ወርዳለች፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። እኔ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ብቻዬን እጠብቃለሁ። የባጃጅ ድምፅ ከታች መጣና መስኮቴ ሥር ቆመ። የሸራ መጋረጃው ሳይገለጥ የእማማን ድምፅ ከውስጥ ሰማሁት።

«እዚህ ድረስ ገባ መኪናው? ጭቃ ሳይነካኝ?»

«አዎ እማማ፣ አሁን መንገዱ ሰፍቷል» አላቸው ሾፌሩ።

«ይሄን ያሰፋ ሰው ይባረክ! ዘሩ ይባረክ!»

በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ነው አማቴ ሲመርቁኝ የሰማሁት።

መጋረጃው ተገለጠና እማማ አንገታቸውን አወጡ። ግቢውን ከዚህ እስከዚያ አዩት። ቤቱን አዩት፣ አጥሩ የነበረበትን አዩት፣ እንደገና ቤቱን አዩት።

«ይሄ አይደለም» አሉ።

«እማማ፣ አስፋልቱ ላይ ሰዎች የነገሩኝ ቤት ይሄ ነው፤ ከመዞሪያው ላይ ብለውኛል።»

«አይደለም አልኩህ። የልጄን ቤት አጣለሁ እንዴ? የልጄ ደጅ እንሰት አለው። እኔ ነኝ የተከልኩት።»

«ምናልባት ተቆርጦ…»

«ማን ይቆርጠዋል? ልጄ እንሰት አትቆርጥም።» ቆጣ አሉ። «ይሄ የሌላ ሰው ቤት ነው። ከታች ሄደህ ጠይቅልኝ።»

«እማማ፣ ቤቱ ይሄ ነው፤ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ጫማዬን ፈልጌ አንዱን አጥልቄ ሁለተኛውን ስፈልግ መጋረጃው ተዘጋ። በአንድ ጫማ ወደ ዝናቡ ወጥቼ «እማማ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ሞተሩ ድምፄን ዋጠው።

ባጃጁ ዞሮ ቁልቁል ሄደ። መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ለመዞር አልተቸገረም።